«በቀኝሽ ካልያዝሽ አላስተምርሽም» ለተባለች ልጅ እናት

«በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። መካከለኛዋ ልጄ 11 ዓመቷ ሲሆን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ግራኝ ናት። በሰፈራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር የሚያስተምር ወጣት ስላለ ላክኋት፤ ክራሩን ገልብጣ ስትይዝ ቢያያት ‹በቀኝሽ ካልያዝሽ አላስተምርሽም› ብሎ መለሳት። አባቷ አዝኖ ከመርካቶ ያገለገለ ቦክስ ጊታር ገዛላት፤ እሱንም የምትይዘው ገልብጣ ነው። የግራኝ ጊታር ብንጠይቅ የለም ተባልን፤ አንድ ሱቅ ብቻ አስመጣለሁ ቢለንም የጠራው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ በግራ እጅ መሣሪያ መምታት ነውር ነው፣ አሁኑኑ ካልተቀጣች አትመለስም ይላሉ። በቀኝ እንድትለምድ ላስገድዳት? የጊታሩን ክር ገልብጬ ላሳስርላት? ወይስ ይቅርብሽ ልበላት?»

የተከበሩ እህቴ፣

መልሱን ላስቀድም። አያስገድዷት፣ ይቅርብሽም አይበሏት፤ ክራሩን በዚህ ሳምንት ትጀምር፣ የጊታሩን ክር ግን ለጊዜው አይንኩት። ሁለቱን መሣሪያዎች ለይቼ የማያቸው ለግራኝ ልጅ የሚያስነሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። ለዓመታት ክራርና ጊታር ሳስተምር ግራኝ ልጆች በተደጋጋሚ መጥተውልኛል፤ ከመካከላቸው የተዉት የጣት ችሎታ ያነሳቸው አልነበሩም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «አያያዝሽ ልክ አይደለም» ሲባሉ የከረሙት ናቸው። ስለዚህ የጻፉልኝ በጊዜው ነው።

በቅድሚያ ሁለቱ እጆች ምን ምን እንደሚሠሩ እንመልከት። ጊታር በተለመደው አያያዝ ሲመታ ግራ እጅ አንገቱን ይዞ ክሩን በጣት ይጫናል፣ ቀኝ እጅ ክሩን ይመታል። ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በአንገቱ ላይ በሚሯሯጡት ጣቶች ላይ በመሆኑ «ከባዱ ሥራ የግራ እጅ ነው፤ ግራኝ ልጅ እንዲያውም ዕድለኛ ናት» ይላል። ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው። ጣት የተሳሳተ ቦታ ላይ ቢያርፍ የሚበላሸው አንድ ድምፅ ነው፤ ምቱ ሲናጋ ግን ዘፈኑ በሙሉ ይፈርሳል፤ ምቱን የሚጠብቀው፣ ድምፁን የሚያጎላውና የሚያለዝበው ደግሞ የሚመታው እጅ ነው። ቀኝ ሰዎች መሣሪያውን ሲሠሩ ይህንን ሥራ ለሚያምኑት እጃቸው የሰጡት ያለምክንያት አይመስለኝም። ልጅዎም ማንም ሳይነግራት ጊታሩን የገለበጠችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምቱን ለምታምነው እጇ ሰጠችው።

ይህ ማለት ግን ግራኝ ሁሉ መሣሪያ መገልበጥ አለበት ማለት አይደለም። ማርክ ኖፕፍለርና ጋሪ ሙር ግራኞች ሆነው ሳለ ጊታርን እንደ ቀኝ ሰው ይዘው በዓለም የታወቁ ናቸው። በአንጻሩ ጂሚ ሄንድሪክስ ለቀኝ ሰው የተሠራ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን በአዲሱ አያያዝ ልክ አዙሮ አስሮ ነበር የሚጫወተው። ፖል ማካርትኒ በልጅነቱ በቀኝ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ስሊም ዊትማን የተባለ ዘፋኝ ጊታር በግራ ይዞ በፎቶግራፍ ካየ በኋላ ግን ክሮቹን አዙሮ ጀመረ። እነዚህን ሰዎች የጠራሁት ሁለቱም መንገድ እስከ መጨረሻው እንደሚያስኬድ እንዲታይ ነው። ልጅዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ልጅዎን በማየት ብቻ ነው የሚታወቀው።

አሁን ወደ ክራሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ቀላል ብቻ ሳይሆን ለልጅዎ የሚያደላም ነው። ክራር ሁለት ዋና ዋና አጨዋወቶች አሉት። በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ በመምቻ ክሮቹን በአንድነት ሲገርፍ፣ ከኋላ የገቡት የግራ እጅ ጣቶች እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ፤ የሚፈለገው ክር ብቻ ተለቅቆ ይጮኻል። በድርደራ ጊዜ ግን ሥራው ይለወጣል፤ መምቻው ይቀመጥና እነዚያው የግራ እጅ ጣቶች እያንዳንዱን ክር እየነኩ ዜማውን ያወጣሉ፣ ቀኝ እጅ መሣሪያውን ይደግፋል። እንግዲህ ወጣቱ መምህር «ልክ ነው» በሚለው አያያዝ እንኳ ልጅዎ በድርደራ ብትጀምር ዋናውን ሥራ የሚሠራው የምታምነው ግራ እጇ ነው። የጠቡ ምክንያት የሆነው ግርፉ ብቻ ነው። ትምህርቱ ከድርደራ እንዲጀምርላት ይጠይቁት፤ ትዝታን በድርደራ ካወጣች በኋላ ስለ ግርፉ ለመነጋገር ሁለቱም ልባቸው ይከፈታል።

ለግርፍ ክራሩን መገልበጥ ከፈለገችም የሚያስቸግር ነገር የለበትም። ገበቴው ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱ ምሰሶዎች አቻ ናቸው፣ ቀንበሩም በሁለቱ ላይ ተጋድሞ የተቀመጠ ነው። አንድ ነገር ብቻ መስተካከል አለበት። መሣሪያው ተገልብጦ ከኋላ ቀኝ እጅ ሲገባ ለአውራ ጣት ይደርስ የነበረው ክር ለትንሿ ጣት፣ የትንሿ ጣት ደግሞ ለአውራ ጣት ይሆናል፤ ስለዚህ ክሮቹን ከዳር እስከ ዳር ማዟዟር፣ ክሮቹ በውፍረት እኩል ከሆኑ ደግሞ ሳይፈቱ ቅኝቱን ከሌላው ዳር መጀመር ያስፈልጋል። አምስትም ሆነ ስድስት ክር ቢኖረው ሥራው ያው ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል በተገለበጠ ክራርም ያው ቅኝቶች ናቸው፤ የሚሰማ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም።

መምህሩን በተመለከተ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልፈርድም። አብዛኞቻችን ክራርን የተማርነው የሚመታን ሰው እጅ እያየን ነው፤ የማያውቀውን አያያዝ ያየ መምህር ደግሞ «ምን ብዬ አሳያታለሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ይህንን ጭንቀቱን የሚያቀልለት የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ቀኝ ተማሪ ከመምህሩ ጎን ቢቀመጥ ይቀናዋል፤ ግራኝ ተማሪ ግን ፊት ለፊቱ ትቀመጥ። ፊት ለፊት ስትሆን የእሱ ቀኝ እጅ ያለው በእሷ ግራ እጅ አንጻር ስለሆነ፣ መስታወት ፊት እንደቆመች ያየችውን እንዳለ መድገም ትችላለች፤ እሱም እጁን መቀየር አያስፈልገውም። ይህንን ለአንድ ቅዳሜ ብቻ እንዲሞክረው በትሕትና ይለምኑት። እምቢ ቢል ሌላ መምህር ይፈልጉላት፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ መመላለስ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ ጥሩ ትምህርት አግኝታ በቤቷ ብትለማመድ በየሳምንቱ እያለቀሰች ከምትመለስ ይሻላል።

የአማትዎ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጅቷን ስለሚወዱ፣ ነገ በሰው ፊት እንዳታፍር ስለሚሠጉ እንደሚናገሩ ይገባኛል፤ ስለዚህ ክርክር አይግጠሟቸው። ማዕድ ላይ በቀኝ መቁረስን፣ ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲያቀብሉ ቀኝ እጅን ወይም ሁለቱንም እጅ መዘርጋትን ሊያስተምሯት ቢፈልጉ ያስተምሯት፤ ይህ የቤታችሁ ሥርዓት ነው፣ የሙዚቃ መምህር የሚገባበት አይደለም። መሣሪያን ግን ከዚህ ለይተው እንዲያዩት የሚረዳዎት አንድ ነገር አለ፤ በገና። በዐቢይ ጾም የሚሰሙት፣ የዳዊት ብለው የሚያከብሩት ባለ 10 ክሩ በገና በጣት ሲደረደር ክሮቹን የሚነካው ግራ እጅ ነው። ደርዳሪው ተቀምጦ መሣሪያውን ደገፍ ያደርግና የግራ እጁን ጣቶች በክሮቹ ላይ ያሳርፋል፤ ያ በድልድዩ ላይ ባሉት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ በእንዚራዎቹ፣ እየነዘረ የሚወጣ ከባድ ድምፅ ከግራ እጅ የሚወጣ ድምፅ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በቴሌቪዥን በገና ሲደረደር ባዩ ጊዜ አማትዎን አጠገብዎ አስቀምጠው እጁን ያሳዩዋቸው። መጽሐፉን የሚያነብላቸው ሰው ካለም መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ላይ እግዚአብሔር ለእስራኤል ያስነሣው ናዖድ ግራኝ እንደነበረ፣ ምዕራፍ 20 ላይ ደግሞ ድንጋይ ወንጭፈው አንዲት ጠጉር ስንኳ የማይስቱ 700 ግራኞች እንደነበሩ ይሰማሉ። ለአያት እንዲህ ያለው ማስረጃ ከእኔ ምክር ይበልጣል።

ጊታሩን አስመልክቶ ግን ጥድፊያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ የሚከተለውን ያድርጉ። አንድ ምሽት ምንም ሳይነግሯት የምትወደውን ዘፈን ይክፈቱና መጥረጊያ ወይም ረዘም ያለ ማማሰያ ሰጥተው «እስቲ እንደ ጊታር ምቺው» ይበሏት፤ የትኛው እጅ አንገት እንደያዘና የትኛው ምቱን እንደተከተለ ይመልከቱ። ሌላ ቀን ባዶ ጀሪካን አስቀምጠው ከዘፈኑ ጋር እንድትመታ ያድርጉ፤ ሁለቱንም እጆች ብትጠቀም እንኳ ጠንካራውን ምት ዘወትር የሚያሳርፈውን እጅ ለይተው ይያዙ። ከዚያ በኋላ ጊታሩን በተለመደው አያያዝ ትያዝና ምንም ክር ሳትጫን፣ ክፍት ክሮችን ብቻ በቀኝ እጇ ወደ ታችና ወደ ላይ ትምታ፤ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ያህል። የሚመዘነው የግራ እጇ ጣቶች ኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) መያዝ መቻላቸው አይደለም፤ ኮርድ መያዝ በመጀመሪያ ማንኛውንም ሰው፣ ቀኝም ይሁን ግራኝ፣ ያሳምመዋል፣ ያሰቃየዋል። የሚመዘነው ምቱ ነው። ቀኝ እጇ ቀስ በቀስ ከዘፈኑ ጋር እየሄደ፣ እያወራች ወይም እያንጎራጎረች ምቱ ሳይቆም የሚቀጥል ከሆነ በቀኝ ብትማር ምንም አይጎድልባትም። ከሳምንታት በኋላም እጇን እያየች፣ ትከሻዋን እያጠነከረች፣ ዘፈኑ ሲፈጥን የምትቆም ከሆነ ግን መልሱን አግኝተዋል።

በቀኝ ከተመቻት በዚያው ብትቀጥል እመክራለሁ፤ ይህንን የምለው ለቀኝ እጅ አድልቼ አይደለም። የትምህርት ቤት ክበብ ውስጥም ሆነ ጓደኛዋ ቤት ያገኘችውን ጊታር አንሥታ መምታት ትችላለች፣ መምህርም ዕቃም እንደልብ ታገኛለች፣ ክር ሲበጠስ ወይም አንገቱ ሲጣመም ደግሞ ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል። ከመርካቶና ከፒያሳ ርቃ ለምትኖር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የመመቸት ፍርዱ የእሷ ይሁን፤ የእርስዎም የእኔም አይሁን።

ካልተመቻት የጊታሩ ክር ይገለበጣል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ክሩን ፈትቶ በግልባጭ ብቻ ያስርና «ጊታሩ አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። በአንገቱ ጫፍ፣ ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ከማለፋቸው በፊት የሚያርፉባት ስድስት ጎድጓዳ መስመሮች ያሏት ቀጭን ነጭ ቁራጭ አለች። እያንዳንዱ መስመር ለአንድ ክር ውፍረት ተለክቶ የተሞረደ ነው። በተለመደ የብረት ክር ላይ ከሁሉ ወፍራሙ ከ1.3 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ከሁሉ ቀጭኑ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቦታ ሲለዋወጡ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ መስመር ውስጥ መግባት አቅቶት ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ለልጅ ጣት የማይጫን ከባድ ይሆናል፤ ቀጭኑ ደግሞ በሰፊው መስመር ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ይንሿሿል። ስለዚህ ያቺን ነጭ ቁራጭ በጥንቃቄ አስነሥቶ በግልባጭ የተሞረደች ሌላ ማስገባት የግድ ነው። ከበሬ አጥንት አሳምሮ የሚሞርድ ጥሩ የእጅ ባለሙያ ይሠራዋል። የድሮዋን እንዳይጥላት ይንገሩት፤ በፖስታ አድርገው ጊታሩ ቦርሳ ውስጥ ቢያስቀምጧት ጊታሩን ነገ መልሶ ወደ ነበረበት ማምጣት ወይም መሸጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ከታች ያለው፣ ሙያተኞች ብሪጅ የሚሉት ነው። የብረት ክር በሚታሰርበት ጊታር ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ዘንግ ጥቂት ዘመም ብላ የተቀመጠች ናት፤ ወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ ረዘም እንዲሉ ታስቦ ነው። ክሮቹ ሲገለበጡ ይህ ልክ ይፋለሳል፤ ክፍቱ ክር ተቃኝቶ ሳለ፣ በአንገቱ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ ወደ አሥራ ሁለተኛው ወጥተው ሲጫኑት ወፍራሙ ከሚገባው ቀጥኖ፣ ቀጭኑ ወፍሮ ይሰማል። በመቃኛዎቹ በኩል ባሉት በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ለምትጫወት ጀማሪ ይህ ለጊዜው የሚቻል ነው። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ከሆነ ግን ዘንጓ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለች ስለሆነች ችግሩ እጅግ ያንሳል፤ ስለዚህ አባቷ የገዛላት የትኛው እንደሆነ ይዩ። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች የብረት ሽቦ ሳይሆኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከመሰሉ ናይለን ነው። እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር እንዳያሳስሩ፤ የብረቱ ውጥረት ስለሚበልጥ ብሪጁን ከእንጨቱ ነቅሎ ሊያነሣው ይችላል።

ክሩን ሳይነኩ ጊታሩን ብቻ ገልብጦ መምታትም አለ፤ ልጅዎ ዛሬ እያደረገችው ያለው ይኼው ነው። ጊታር ተጫዋቾቹ አልበርት ኪንግና ኤልዛቤት ኮተን በዚህ መንገድ ነበር የሚጫወቱት፤ ኮተን ዜማውን በአውራ ጣቷ፣ ወፍራሞቹን ክሮች ደግሞ በሌሎቹ ጣቶቿ ትመታ ስለነበር ድምፅዋ የራሷ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ግን መምህር ለሚያስፈልጋት ልጅ አልመክረውም። ማንኛውም የኮርድ ሥዕል ተገልብጦ ይቀርባታል፣ አንዳንዱንም ጣቶቿ ጨርሶ ሊደርሱበት አይችሉም፣ የሚያስተምራትም ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ሌሎች መሣሪያዎችን ብትመኝ ባጭሩ ልንገርዎ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ደጋኑን በግራዋ ብትይዝ የሚለወጥ ነገር የለም። ዋሽንት ላይ ከላይ የትኛው እጅ እንደሚሆን መምረጥ ትችላለች። ኪቦርድ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዜማው በአብዛኛው በቀኝ እጅ ቢሆንም ግራኞች በግራ እጅ የሚመታውን ወፍራም አጃቢ ድምፅ፣ ቤዙን፣ ቶሎ ይይዙታል። ሳክስፎን ቁልፎቹ ለሁለቱም እጅ በተወሰነ ቦታ የተሠሩ ስለሆኑ አይገለበጥም፣ ግን ሁለቱም እጆች እኩል ስለሚሠሩበት ለግራኝ የተለየ ክብደት የለውም። የሚያስቸግረው ቫዮሊን ነው፤ ከወፍራሙ ክር ሥር በውስጡ የተጣበቀ እንጨት ስላለው ክሩን መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ስለዚህ ቫዮሊን ከመረጠች ከመጀመሪያው ቀን በተለመደው አያያዝ ብትጀምር ይሻላል።

የመጨረሻው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የተጠየቁትን ዋጋ አሁን አያውጡ። የ11 ዓመት ልጅ እጅና ክንድ ገና እያደጉ ናቸው፤ ዛሬ የሚመጥናት ከሙሉው መጠን አነስ ያለ ጊታር ሊሆን ይችላል፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ያስፈልጋታል። በግራ መቀጠሏ ከተረጋገጠና እጇ ሙሉውን ጊታር መያዝ ከቻለ ያን ጊዜ ለግራኝ የተሠራ ቢገዛላት ገንዘቡ አይባክንም። ሲገዙም እሷን ይዘው ይሂዱ፣ ያቺን ስድስት መስመር ያላት ነጭ ቁራጭም በቅርብ ይዩ። ጊታሩን በግራዋ ለመምታት ስትይዘው ሰፊው መስመር ወደ ፊቷ፣ ጠባቡ ወደ ጉልበቷ መሆን አለበት፤ ተቃራኒው ከሆነ የቀረበልዎት የቀኝ ጊታር በግልባጭ ታስሮ ነውና ቅናሽ ይጠይቁ ወይም ይተዉት።